ዲግሪ የሌላቸው የቀዶ ጥገና ባለሙያ

የሐሰተኛ ዲግሪ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ዋናው ችሎታ ነው፣ ወረቀት ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ክርክር ከወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የተሻለ ምስክር በአገራችን የሚገኝ አይመስለኝም። ችግሩ ምስክርነታቸውን እስከ መጨረሻው የሚሰማው ጥቂት መሆኑ ነው።

ማሚቱ በለጋ ዕድሜያቸው ለቀናት በዘለቀ ምጥ ልጃቸውን አጥተው፣ በፌስቱላ ተጎድተው ነው አዲስ አበባ ወደነበሩት ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን የመጡት። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ከታከሙ በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ በቀዶ ጥገና ክፍል ማገዝ፣ ቆየት ብሎም ዶክተር ሬጅናልድ እያሳዩዋቸው መስፋት። ዓመታት አለፉና ራሳቸው ቀዶ ጥገና መሥራት ያዙ፤ ዲግሪ የጫኑ ሐኪሞች ሳይቀሩ ፌስቱላ መጠገንን ከእሳቸው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር በወርቅ ሜዳሊያ አከበራቸው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ይኸው!» ይላል። ቆይ እንጂ! ማሚቱ መች ብቻቸውን ተማሩ? ሥራቸውን ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ሲያይ ኖሯል። የታከመችው ሴት ሽንቷ መፍሰሱን ማቆም አለማቆሙም ሳይቆይ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ፈተና ስንቱ ዩኒቨርሲቲ ይፈትናል?

ፈቃድ የሌለው ኮሌጅ የሚያድለው ዲግሪ ግን ከሁለቱ አንዱም የለውም። ወረቀት ማለት እኮ፣ ሰውየው ሲሠራ ያላየነው እኛ «ያየው ሌላ ሰው አለ» ብለን የምንቀበለው ቃል ነው። ቃሉ ባዶ ሲሆን ቀጣሪው ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ በሬ ሸጦ የከፈለው ወላጅ ግን በሬውን ማን ይመልስለታል?

ፈቃድ ያለው ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ።

በእጁ ለተማረ ሰው መንገድ አልተዘጋም ይባላል። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና፣ አንዱ ዓላማው የት ተማርክ ሳይል ምን ትችላለህ ብሎ መጠየቅ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያደገ መካኒክም ተመዝኖ ማስረጃ ሊይዝ ይችላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ አንብቡ እስቲ፦ «ዲፕሎማና ሲኦሲ ያለው» ይላል። «ወይም» አይልም፣ «ና» ነው የሚለው። ያች አንዲት ፊደል መካኒኩን ከበር ትመልሰዋለች።