ፕላቲነም የተሰካበት ፕላስቲክ

ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነውም ለዚህ ነው። ይህን የኖረ እምነት የለወጡት ሂደኪ ሺራካዋ፣ አለን ማክዳያርሚድና አለን ሂገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 ፖሊአሲቲሊን የተባለ ፖሊመር (እንደ ፕላስቲክ ያለ ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) ላይ አዮዲን ጨምረው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ አደረጉት። በ2000 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አገኙበት።

በዚያው በ1977 ጃፓን፣ ኦሳካ ውስጥ ሶኖጋሺራ፣ ታካሃሺና ሃጊሃራ ሌላ ፖሊመር ሠሩ። እነሱ በካርቦን ሰንሰለት ላይ የፕላቲነም አቶሞችን በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ በእኩል ርቀት ደረደሩ። ፎስፊን የሚባሉ ቅርንጫፎች ከፕላቲነሙ ግራና ቀኝ ስለተያያዙ ፖሊመሩ በፈሳሽ ይሟሟል፤ እንደ ቀለም ሲቀቡት ስስ ሽፋን ይሆናል።

ብርሃን ለማውጣት ውድ የሆነው ፕላቲነም ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱ ክብደቱ ነው። ብርሃን በሚሰጥ ሴሚኮንዳክተር ውስጥ አሉታዊና አዎንታዊ ቻርጆች ሲገናኙ ጉልበት ያዘለ ጥንድ ይፈጠራል። ከአራት ጥንዶች አንዱ ሲንግሌት፣ ሦስቱ ትሪፕሌት ይሆናሉ። ሰንሰለቱ ካርቦን ብቻ ከሆነ ብርሃን የሚሰጠው ሲንግሌቱ ነው። የትሪፕሌቶቹ ጉልበት በአብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ስፒን የሚባለው የኤሌክትሮኖቹ ባሕርይ ብርሃን እንዳይወጣ ያግዳልና። ኒውክሊየሱ 78 ፕሮቶን የያዘው ፕላቲነም ግን የኤሌክትሮንን ስፒን ከዙረቱ ጋር አጥብቆ ስለሚያስተሳስር እግዱ ይላላል። ያኔ ትሪፕሌቱም ያበራል።

ይህ እውቀት በ1998 ፍሬ አፈራ። አሜሪካ ውስጥ እነ ስቲቨን ፎረስትና ማርክ ቶምሰን ፕላቲነም ያለበት ሞለኪውል ተጠቅመው ከትሪፕሌት ቀይ ብርሃን አወጡ። በኤለመንቶች ሰንጠረዥ የፕላቲነም ጎረቤት የሆነው ኢሪዲየምም ተከተለ፤ ዛሬ ኦሌድ በሚባሉት የስልክ ስክሪኖች ቀዩንና አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጡት በአብዛኛው የኢሪዲየም ሞለኪውሎች ናቸው።

እነዚህ ሞለኪውሎች ትንንሽ በመሆናቸው አየር በሌለበት ክፍል ተንነው ነው የሚነጠፉት። ፖሊመር ግን በፈሳሽ መልክ ሊታተም ይችላል፤ ተመራማሪዎች እንደ ፕላቲነም ያለ ብረት ያዘለውን ሰንሰለት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ችግሩ ፕላቲነም ውድ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቻርጅ በሰንሰለቱ ላይ እንደልቡ እንዳይሄድም ያደርጋል። ፖሊመሩን ብርሃን ለማውጣት ሳይሆን ለመሳብ ሲፈልጉት ደግሞ ኬሚስቶች በብረቱ መካከል ቲዮፊንን የመሳሰሉ የአቶም ቀለበቶች እያስገቡ ፖሊመሩ ከፀሐይ ብርሃን የበለጠውን እንዲስብ ያደርጋሉ። ሥራው የመጠን ሥራ ነው፦ ብረቱ ትሪፕሌቱን እስኪያነቃ ድረስ ይብዛ፣ የቻርጁን መንገድ እስኪቆርጥ ድረስ ግን አይብዛ።