ትኩሳት የሌለው ድካም፦ ታይፎይድ፣ ወባ ወይስ አለርጂ?

የዛሬውን የምጽፈው በተለይ ኮምቦልቻና ደሴ ላላችሁ ነው፤ ወቅቱ ነዋ።

ጥቅምት ላይ ነው። ደሴ–ኮምቦልቻ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር መጣ። «ዶክተር፣ ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ሙሉ ሳጭድ ያደርኩ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዴ የታይፎይድ መድኃኒት፣ አንዴ ደግሞ «ለብርድ» አሞክሳሲሊን ውጧል። የወባ ምርመራው ሁለት ጊዜ ነጌቲቭ ነው። ትኩሳት የለውም። እያወራን ግን አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይኑን ያሻል። ስጠይቀው «እሱማ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ይነሳብኛል፣ እሱን እንኳ ይተዉት» አለኝ።

ይተዉት ያለኝ ነገር ነበር ያደከመው።

አለርጂ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማስነጠስና ማሳከክ ብቻ ነው። ግን ሰውነት የአበባ ብናኙን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች ይለቃል፤ እነዚህ በራሳቸው ያደክማሉ። ከዚያ የባሰው ሌሊቱ ነው። አፍንጫ ሲደፈን በአፍ እየተነፈሱ፣ ሳይታወቅ ደጋግሞ እየባነኑ ያድራሉ። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰውነት ደግሞ ሕመም ይበረታበታል፤ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ወገቡ ሁሉ ይናገራል። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚከብደው ስሜትም ከአፍንጫው መዘጋት ጋር ይያያዛል።

ለምን በዚህ ወቅት? ክረምቱ ወጥቶ ሁሉም ሲያብብ ነውና። እኛ ጋ ደግሞ ልዩ እንግዳ አለን፦ ቅንጨ አረም። ቅጠሉ የካሮት የሚመስል፣ አበባው ነጭና ደቃቅ፣ በየመንገዱ ዳርና በየባዶ ቦታው የምታዩት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደሴና ድሬዳዋ አካባቢ የታየ ሲሆን፣ ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ እንደገባ ይታመናል። አንዷ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ትሰጣለች። ብናኙ አፍንጫና ሳንባን ያስቆጣል፣ ቅጠሉን የነካ ቆዳም ሊያሳክክና ሊቆስል ይችላል። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ሳያብብ በፊት ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ ንቀሉት። አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሥራውን ለሌላ ይተው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ወባ ይደርስባታል፣ ዋናው ወቅቱም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አበባውና ወባው እኩል ይመጣሉ ማለት ነው። ፈረንጆች የአበባ አለርጂን «የድርቆሽ ትኩሳት» ይሉታል እንጂ አለርጂ ትኩሳት አያመጣም። ስለዚህ ብርድ ብርድ ካላችሁ ወይም ካተኮሳችሁ «አለርጂዬ ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዕለቱ ደም ተመርመሩ። ደረት ሲያፍንና ሲያፏጭም አትጠብቁ። ወቅቱ አልፎም ድካሙ ከቀጠለ፣ ወይም ክብደት እየቀነሰ ሌሊት ላብ ካለ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ ደም ማነስ፣ ቲቢ፣ እንቅርት፣ ስኳር።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። ለካ ጠዋት ጠዋት ክሎርፌኒራሚን ይውጣል፤ «ርካሽ ነው፣ አፍንጫዬን ያደርቅልኛል» ብሎ። ያደርቃል፣ ግን ያስተኛል! እንቅልፉን ለማባረር ከሰዓት ጫት፣ ከጫቱ በኋላ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የለም። እሱን ውጦ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ ሹፌር ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ተሳፋሪ ነኝና ደነገጥኩ።

ክሎርፌኒራሚኑን አስቆምኩትና ሎራታዲን በቀን አንዴ፣ ከሱ ጋር ቤክሎሜታዞን የአፍንጫ ስፕሬይ ጻፍኩለት። ስፕሬዩ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ሙሉ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሲነፋም ጫፉ ወደ መሐለኛው ግድግዳ ሳይሆን ወደ ጆሮ በኩል ይዙር፣ አለዚያ ያነስራል። ሴትሪዚንም ጥሩ ነው፣ አንዳንዱን ግን ያንቀላፋል፤ ማታ ውሰዱት። እርጉዞችና ሕፃናት ያለ ሐኪም አይጀምሩ። ዴክሳሜታዞንን «ለአለርጂ» ብላችሁ በራሳችሁ አትግዙ። ለጊዜው ያሽራል፤ ሲደጋገም ግን ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትም ያሳሳል።

ቤት ስትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ፊትና ፀጉር ታጠቡ፤ ብናኙ ትራሳችሁ ላይ እንዳያድር። በዚህ ሰሞን ልብስ ውጭ አታስጡ። ግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አፍንጫችሁን ጠዋትና ማታ እጠቡበት። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ አይሆንም።

ሹፌሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ለራሱ አልነበረም። «ዶክተር፣ እኔ አሁን እተኛለሁ፣ አብሽሩ። ረዳቴን ይዤው መጣሁ፣ እሱም ብርድ ነው እያለ አሞክሳሲሊን ሊገዛ ሲል ያዝኩት» አለኝ። ረዳቱን ለካሁት፤ 38.9። ወባ ነበር።