በውሰት የሚወጣ ቴሌስኮፕ ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል?

ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ ለሳምንት ወደ ቤት መውሰድ ለማናችሁም እንግዳ ነገር አይደለም። ቴሌስኮፕስ? እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የኒው ሃምፕሻየር የሥነ ፈለክ ማኅበር ለአካባቢው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አነስተኛ ቴሌስኮፖችን መስጠት ጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱ መታወቂያ ያለው ሰው ሁሉ እንደ መጽሐፍ ፈርሞ ቴሌስኮፑን ለተወሰኑ ቀናት ወደ ቤቱ እንዲወስድ ተፈቀደለት። ሐሳቡ በዚያው ግዛት ሳይወሰን ወደ ሜይን፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማና ወደ ሌሎችም አካባቢዎች ተዛመተ።

እኛ እዚህ ላይ ልናብራራ የምንሻው የማኅበሩን በጎ ሥራ ሳይሆን ከሥራው በስተጀርባ ያለውን ፊዚክስ ነው። ይኸውም አስተማሪ አጠገቡ የሌለ ጀማሪ፣ በጨለማ፣ በገዛ ግቢው ውስጥ ብቻውን የሚጠቀምበት መሣሪያ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ነው። መልሱ ብዙዎች እንደሚገምቱት «ከሁሉ የበለጠ የሚያጎላው» አይደለም።

ይህን የተማርነው ገንዘብ ከፍለን ነው። ለትምህርት ውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ ከወርኃዊ ድጎማችን ቆጥበን አንድ ቴሌስኮፕ ገዛን። በሳጥኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በመጀመሪያው ሌሊት ያየነው ግን የሚንቀጠቀጥ፣ የደበዘዘ፣ ገና በቅጡ ሳናየው ከመስኩ የሚሸሽ ነጭ ነጠብጣብ ነበር። መሣሪያው ከአልጋ ሥር ገብቶ ትምህርታችንን እስክንጨርስ እዚያው ቆየ። የሚያሳፍረው ነገር፣ የፊዚክስ ተማሪ ሆነን ሳለ ስሌቱን የሠራነው ከገዛነው በኋላ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአንድ ቴሌስኮፕ ማጉላት የሚገኘው የዋናውን ሌንስ ወይም መስተዋት የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የእኛ ቴሌስኮፕ ዋና ሌንስ የትኩረት ርቀት 700 ሚሊ ሜትር፣ ትንሹ የዓይን ሌንስ 4 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ውጤቱ 175 ይሆናል። በሳጥኑ ውስጥ ማጉላቱን በ3 የሚያበዛ ተጨማሪ ሌንስ ስለነበረ 525 ይሞላል። ስለዚህ ሻጩ በሒሳብ አልዋሸም። የዋሸው በፊዚክስ ነው!

ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይዘረጋል፤ በመሆኑም የአንድ ኮከብ ምስል ፍጹም ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ክቡ ይሰፋል። የሌንሱ ዲያሜትር 60 ሚሊ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ሊለያቸው የሚችላቸው ሁለት ነጥቦች ቢያንስ 2 አርክ ሰከንድ ያህል የተራራቁ መሆን አለባቸው (1 አርክ ሰከንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው)። ከዚህ ያነሰ ዝርዝር በምስሉ ውስጥ የለም። የሌለን ዝርዝር ደግሞ ማጉላት አይቻልም፤ የደበዘዘ ፎቶግራፍ አስፍቶ እንደማጠብ ይሆናል። በልምድ የሚሠራበት ወሰን ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ሁለት ጊዜ ማጉላት ነው፤ ለእኛ ቴሌስኮፕ 120 መሆኑ ነው። ከ120 ወደ 525 ስንወጣ ያው ብርሃን ወደ 19 ጊዜ በሚሰፋ ቦታ ላይ ስለሚበተን ምስሉ በዚያው መጠን ይጨልማል። በዚህ ላይ መሬት በየሰከንዱ 15 አርክ ሰከንድ ትሽከረከራለች። የዓይን ሌንሱ የሚያሳየው መስክ 40 ዲግሪ ነው ብንል፣ በ525 ማጉላት ፕላኔቱ ከመስኩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው በ18 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። የቀጭኑ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መንቀጥቀጥም 525 ጊዜ መጉላቱን አትርሱ።

አሁን የኒው ሃምፕሻየር ማኅበር ወደ መረጠው መሣሪያ እንምጣ። ስሙ ስታርብላስት 4.5 ይባል ነበር። ያቀርበው የነበረው ኦሪዮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራውን ቢያቆምም፣ ተመሳሳይ ልክ ያላቸው ቴሌስኮፖች በሌሎች ስሞች ይሠራሉ። የመስተዋቱ ዲያሜትር 114 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 450 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከነመቆሚያው 6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ማኅበሩ የትኩረት ርቀቱ ከ8 እስከ 24 ሚሊ ሜትር የሚለዋወጥ አንድ የዓይን ሌንስ ገጠመለት። አንባቢ ራሱ እንደሚያሰላው፣ ማጉላቱ ከ19 እስከ 56 ነው።

በሳጥን ላይ 525 የሚል ቁጥር ለለመደ ሰው 56 የሚያሳዝን ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ሳተርንን እንውሰድ። የቀለበቶቿ ስፋት ከእኛ ሲታይ 40 አርክ ሰከንድ ያህል ነው። በ56 ሲባዛ 2240 አርክ ሰከንድ፣ ማለትም 37 የዲግሪ ደቂቃ ይሆናል፤ ሙሉ ጨረቃ ለባዶ ዓይን ከምትታይበት ስፋት ጥቂት ይበልጣል። ቀለበቶቹ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 በጠርዛቸው በኩል ወደ እኛ ዞረው ለጊዜው ከእይታ ጠፍተው የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ በቀስ እየተከፈቱ ነው። ቴሌስኮፑ የሚሰበስበው ብርሃን ደግሞ ከእኛ 60 ሚሊ ሜትር ሌንስ 3.6 ጊዜ ይበልጣል። በ19 ማጉላት የሚታየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም አራት ጨረቃዎችን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። ለጀማሪ ትልቁ ችግር ማጉላት ሳይሆን ማግኘት ስለሆነ፣ ይህ ስፋት ከሁሉም በላይ ዋጋ አለው። ሰባቱ ከዋክብት በአንድ እይታ ሙሉ በሙሉ የሚገቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መቆሚያው ጥቂት እንበል፤ ታሪኩም ደስ ይላል። ጆን ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1915 በቤይጂንግ የተወለደ፣ በቬዳንታ ገዳም ለ20 ዓመታት ያህል በምንኩስና የኖረ ሰው ነው። መስተዋቶቹን ከመርከብ መስኮት መስታወት እየሞረደ ይሠራ ነበር። ከገዳሙ ከወጣ በኋላ ቴሌስኮፖቹን በመንገድ ዳር እያቆመ አላፊ አግዳሚውን ጁፒተርን ሲያሳይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈ። የዶብሰን መቆሚያ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚንቀሳቀስ የእንጨት ሳጥን ነው። ምስጢሩ በሚንሸራተቱት ገጾች መካከል ያለው ቴፍሎን ላይ ነው። አብዛኞቹ ቁሶች ከቆሙበት ለማንቀሳቀስ የሚጠይቁት ኃይል በእንቅስቃሴ ላይ እያሉ ከሚጠይቁት በግልጽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ስንገፋቸው ድንገት ይዘላሉ። በቴፍሎን ግን ሁለቱ የሰበቃ ኃይሎች ተቀራራቢ ናቸው። ጣት ሲነካው ይሄዳል፤ ጣት ሲነሣ ይቆማል።

ማኅበሩ ከዚህ ቀጥሎ ያደረገው ከመግዛት ይልቅ ማሰር ነበር። የዓይን ሌንሱ እንዳይወጣ በብሎን ተያዘ፤ ክዳኖቹ በገመድ ታሰሩ፤ መስተዋቶቹን የሚያስተካክሉት ብሎኖች በማንም ጣት እንዳይዞሩ ተደረገ። የመጨረሻው የግድ ነው፤ ምክንያቱም የትኩረት ርቀቱ እንዲህ ያጠረ መስተዋት ጥቂት ሲዛነፍ እንኳ ምስሉን ያበላሻል። አንድ የማኅበሩ አባል ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ በየጊዜው ያጸዳል፣ ያስተካክላል። በቴሌስኮፑ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ስለ ፀሐይ ነው። ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ ለአንድ አፍታ እንኳ ወደ ፀሐይ ማነጣጠር ዓይንን ለዘለዓለም ያሳውራል።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ሰማይ ይሠራል ወይ? በአንድ ነገር እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል። በርካታ የሚሸጡ ቴሌስኮፖች የመሬትን መሽከርከር የሚከተል፣ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ የሚያመለክት መቆሚያ አላቸው። ዘንጉ ከአግድም ላይ የሚነሣው በቦታው ኬክሮስ ልክ ነው፤ ኒው ሃምፕሻየር 43 ዲግሪ፣ አዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ብቻ። የሰሜን ኮከብ በእኛ ዘንድ ከአድማስ 9 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ተራራ ወይም ባሕር ዛፍ ይሸፍናታል። የዶብሰን መቆሚያ ግን ስለ ኬክሮስ ምንም አይጠይቅም። ጉድለቱ ሌላ ነው። በእኛ ኬክሮስ ፕላኔቶች አንዳንድ ጊዜ በአናታችን አቅራቢያ ያልፋሉ፤ ልክ በአናት ላይ ያለን ነገር ለመከተል ደግሞ ሳጥኑን በፍጥነት ማዞር ያስፈልጋል። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፕላኔቱ 15 ዲግሪ ያህል ይርቃል። በእንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን፤ እያንዳንዱ ከ114 ሚሊ ሜትሩ 77 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባል። ግን ማንም ተሸክሞ ወደ ቤቱ አይወስዳቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በዕርዳታ የመጣ 114 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ አገኘን። በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ተቆልፎበት፣ ከላስቲኩ እንኳ ሳይወጣ ነበር። ንብረት ጠባቂዋ «ዶክተር፣ ከተሰበረ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው» አሉን፤ እንዲህ ላለው ሥጋት መልስ አልነበረንም። ርዕሰ መምህሩ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ወሰዱና በሩ ተከፈተ። መቆሚያውን ወደ 9 ዲግሪ ስናወርደው ማመዛዘኛው ክብደት ከእግሩ ጋር ተጋጨ። ቱቦውን ነቅለን ከተማሪዎቹና ከሠፈሩ አናጢ ጋር የኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠራንለት። ቴፍሎን ስላላገኘን ከአሮጌ ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ በፎርማይካ ላይ አንሸራተትን፤ እንደ ቴፍሎን ባይሆንም ይበቃል። ከዚያም ቴሌስኮፑ ከግምጃ ቤቱ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተዛውሮ በመጻሕፍት መዋሻው መዝገብ ላይ ተጻፈ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዓርብ ፈርማ ወሰደችው። ሰኞ ስትመልስ በደብተሯ ላይ ጁፒተርንና አራት ጨረቃዎቹን በሦስት ሌሊቶች ሥላ፣ ቦታቸው እንዴት እንደተለዋወጠ አሳየችን። የቱቦው ክዳን ግን ጠፍቶ ነበር። አዲሱን ክዳን በገመድ አሰርነው።