የአባይ በረሃ ቁልቁለትና የጤፍ ጫኞች ሂሳብ

የጎጃም ጤፍ እህል በረንዳ ሲደርስ ነጋዴው የሚያሰላው የገበሬውን ዋጋ፣ የጆንያውን፣ የደላላውን፣ የጫኝና አውራጁንና የማጓጓዣውን ወጪ ነው። የፍሬን ሸራ ግን በዚህ ሂሳብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይገባም። መኪናው በሰላም ከገባ ማን ይጠይቃል?

በዋናው መንገድ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት ሁሉ የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ግድ ይለዋል። እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ርቀት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ይወጣል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን መሻገሩን አቀለለ እንጂ ቁልቁለቱን አላቃናውም።

ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ250 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሞተሩ በከባድ ማርሽ ከያዘው የሙቀቱን ድርሻ ይጋራል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ ካደረገው ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የጋለ ሸራ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ እግር እስከ መጨረሻው ቢረግጥም መኪናው አይቆምም። በሊብሬው ከተፈቀደው በላይ «ለማካካሻ» የሚጨመሩት ጥቂት ኩንታሎች ዋጋቸው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ሕዝቡ አይሱዙን በፍጥነቱ «አልቃይዳ» ሲል መሰየሙ ይታወቃል። ወቀሳው በሹፌሩ ላይ ብቻ መውደቁ ግን አግባብ አይመስልም። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው እንቅልፉን የሚቆርጠው ከራሱ ገቢ ነው። ጭነቱ ሳይነጋ እንዲገባለት የሚያጣድፈው የእህሉ ባለቤትም በመሪው ላይ እጁ አለበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ጋቢናም የሥራ ቦታ ነው።

አደጋ ሲደርስ ሂሳቡ ወደ ባለንብረቱ ይመለሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ። በሠራተኛ አዋጁ መሠረት ደግሞ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ በሥራ ላይ ሲጎዳ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ ብሎ መጽናናትም አያዋጣም፤ የራስን መኪና ጥገናና የተበተነውን ጤፍ አይከፍልምና። ቦሎም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ምርመራ ምስክር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስላለቀው ሸራ የሚናገረው የለም።

መኪናው ደጀን ላይ ቆሞ ፍሬኑና ጎማው ቢታይ የሚጠፋው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሊወጣ በሚችልበት ማርሽ እንዲወርድ ማዘዝም ወጪ የለውም። እህል በረንዳ ደርሶ ወደ ኋላ ሲጠጋ ረዳቱ ለሹፌሩ በሚታይበት ጎን ቆሞ ቢያስጠጋና ጎማው ታኮ ቢደረግለት ወዛደሩም ሳይሰጋ ያራግፋል። የጭነት ውል የሚያስማማው ደላላ ደግሞ በወረቀቱ ላይ የኩንታሉን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሮ ማስፈርና «ሲነጋ ይድረስ» የሚለውን ቃል ማስወጣት ይችላል።