«ክብረ ወሰን» በቀነኒሳ በቀለ የሩጫ ዘመን

«ክብረ ወሰን» በግዕዝ የዘርፍ ሥርዓት የተሠራ ጥምር ስም ነው። በዚህ ሥርዓት ዋናው ቃል ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል፤ ስለዚህ ፍቺው «የወሰን ክብር» ነው። አማርኛ ግን ዘርፉን ስለሚያስቀድም ተናጋሪው ገልብጦ «የክብር ወሰን» ብሎ ይረዳዋል።

የግስ ምርጫው ችግር ከዚህ ይመነጫል። ክብር ይነካል፣ ይደፈራል፤ ወሰን ይጣሳል፣ ይገፋል። «ሰበረ» ለሁለቱም አይስማማም፤ በትርጉም የገባ ነው። በ«ገፋ» እንዳንተካው ደግሞ የእርሻ መሬት ወደ ከተማ ቦታ በተለወጠባቸው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ «ወሰን ገፊ» ተከሳሽ እንጂ ተመስጋኝ አይደለም።

ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው በዚችው በሱሉልታ ነው። የእርሱ የሩጫ ዘመን የግሶቹን ልዩነት በግልጽ ያሳያል (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12፡37.35 ሲጨርስ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን 12፡39.36 ሻረ። በዚያው ዓመት ኦስትራቫ ላይ በ10,000 ሜትር 26፡20.31 ሮጠ፤ በ2005 ብራስልስ ላይ ወደ 26፡17.53 አወረደው። ሄንግሎ ላይ የሌላው ሰው ሰዓት ስለሆነ «ሰበረ» ቢባል ልማዱ ይፈቅዳል። ብራስልስ ላይ ግን የገዛ ራሱ ነውና «አሻሻለ» ብቻ ነው የሚያስኬደው። ጋዜጦች ሁለቱን ያለ ልዩነት ሲያፈራርቁ ማንበብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻል።

ተርጓሚን ይበልጥ የሚያሳስተው «ባለ» ነው። ቀነኒሳ በአቴንስ (2004) በ10,000፣ በቤይጂንግ (2008) በ5,000ና በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል፤ ሜዳሊያ በሌላ ሯጭ ፍጥነት አይወሰድምና ዛሬም «ባለ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ» ነው። ሁለቱን ክብረ ወሰኖች ግን ዑጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ በ2020 በሞናኮ 12፡35.36፣ በቫሌንሲያ 26፡11.00 በመሮጥ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ «ባለ ክብረ ወሰኑ ቀነኒሳ» ተብሎ በትራኩ ርቀቶች የሚጻፈው «የቀድሞው» ካልተጨመረበት ስሕተት ነው።

በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡01፡41 ሲያሸንፍ ለዓለም ክብረ ወሰን ሁለት ሰከንድ ቀረው። ለዚህ ዓይነቱ ለጥቂት ማምለጥ ስም አልተበጀለትም፤ «ቀረው» የሚለው ግስ ይበቃዋል።