ተስፋዬ ሣህሉ፦ ከመድረክ እስከ ቴሌቪዥን

ተዋናይ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዱ በየጨዋታው ራሱን ያሳያል፤ ሌላው ራሱን ሰውሮ ሌላ ሰው ሆኖ ይታያል። በአገራችን ለሁለተኛው ዐይነት ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱትን አቶ ተስፋዬ ሣህሉን ነው።

እርሳቸው ቴአትር ሲጀምሩ ሴት በሕዝብ ፊት መተወኗ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ፥ የሴቶቹን ቦታ የሚይዙት ወንዶች ነበሩ። አቶ ተስፋዬም የሴት ልብስ ለብሰው እንደ ሴት ይጫወቱ ነበር። ይህን እንደ ቀልድ ብቻ የሚያዩት አሉ፤ እኔ ግን ዋናው ትምህርት ቤታቸው ይኸው ነበር እላለሁ። ሰው በአካሉ የሌለውን በድምፁና በአቋቋሙ መሙላት የሚለምደው እንዲህ ባለ ሥራ ነውና። በኋላም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችን ለማጫወት እስከ ኮርያ ሄደዋል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀመር ለልጆች ተረት ተራኪ ሆኑ። መድረክ ሰፊ እንቅስቃሴ ይጠይቃል፤ ካሜራ ግን ፊትን ስለሚያቀርብ ቅንድብ ማንሣት ይበቃል። ጅቡም፥ ጦጣይቱም፥ አንበሳውም እርሳቸው ነበሩ። ስርጭቱ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ አካባቢ ስለማያልፍ የጅማና የአጋሮ ልጆች ያዩት ዘግይተው ነው፤ ሆኖም ቡና ሲፈላ ከአያቶቻቸው ተረት እየሰሙ ያደጉ በመሆናቸው ጅቡ እንግዳ አልሆነባቸውም።

ዝግጅቱ 42 ዓመት ያህል ቈይቶ በ1998 ዓ.ም. ቆመ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያለቀሰው «አባባ ተስፋዬ» ብሎ ነው፤ ሴት ሆነው የተጫወቱበትን ዘመን ያነሣ ግን ጥቂት ነበር።