ከአሮጌው ላንድሮቨር ሥር የምትታየው የዘይት ጠብታ

ቤተሰብ የሚተዳደርበት አሮጌ ላንድሮቨር እህል ወደ ወፍጮ ይወስዳል፤ ሸቀጥ ከገበያ ያመጣል፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ያደርሳል። የቤቱ እመቤት ስለ መኪናው ስትጠየቅ ግን «እሱ የባለቤቴና የመካኒኩ ጉዳይ ነው» ስትል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሆኖም ለጋራዥ የሚከፈለው ገንዘብ የሚወጣው ከቤት አስቤዛና ከልጆች ደብተር መግዣ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናነሳው ጉዳይ ከጓዳ የራቀ ቢመስልም የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ከካምቢዮ የሚንጠባጠብ ዘይት ነው። አንዳንዱ «አሮጌ ላንድሮቨር ሳያንጠባጥብ አይውልም» ብሎ በቸልታ ያልፈዋል። ሌላው ደግሞ ጠብታ ባየ ቁጥር ካምቢዮ አስወርዶ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ሁለቱም አይበጁም። ከሁሉ አስቀድሞ ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራውን ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨር እንውሰድ። በዚህ መኪና ከሞተሩ በስተኋላ እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንደኛው ካምቢዮው ሲሆን 1.5 ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። ሁለተኛው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ሲሆን 2.5 ሊትር ያህል ይይዛል። ሁለቱም ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት ለየብቻቸው ይሞላላቸዋል። ከ1.5 ሊትር ላይ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጎድል ምን ያህል እንደሚቀር ማስላት አያዳግትም። ዘይት ያነሰው ካምቢዮ ማርሹና ኩሽኔታው እየተፋተጉ መጮህ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ወጪ የዘይት መግዣ ብቻ አይሆንም።

ከገንዘቡም የሚከብድ ነገር አለ። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን እንደ ብዙዎቹ መኪናዎች ከጎማው ጋር የተያያዘ አይደለም፤ ከትራንስፈሩ ኋላ ባለው ታምቡር ውስጥ ነው። በዚያ በኩል ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ መካኒኮች ፓራኦሊዮ የሚሉት፣ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ታምቡሩ ይገባና የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል። የራሰ ሸራ ደግሞ አይዝም። ቁልቁለት ላይ በእጅ ፍሬን ብቻ ቆሞ ልጆች በውስጡ የሚጠብቁበት መኪና ምን ሊያደርስ እንደሚችል መናገር አያሻም። ስለዚህ ጠብታው ከታየ በኋላ የእጅ ፍሬኑ ከላላ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ ጠብታው ከየት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? በመጀመሪያ የመኪናው ሥር ከጭቃና ከቆየ ቅባት በደንብ ይጽዳ። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚወስደው፣ ሳይጸዳ የሚደረግ ምርመራ ያሳስታል። ከዚያም ማታ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት ጠብታው ያረፈበትን ቦታ፣ መልኩንና ሽታውን ይመልከቱ። ያገለገለ የሞተር ዘይት ይጠቁራል። የማርሽ ዘይት ወፈር ብሎ ድኝ ድኝ የሚል ኃይለኛ ሽታ አለው።

ጠብታው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል፣ ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ከባድ ነው። በዚህ መኪና ካምቢዮው የሚወጣው ወንበሩና ወለሉ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ በመቀመጫው በኩል ነው። የእጅ ዋጋው የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከትራንስፈሩ ኋላ፣ ከታምቡሩ አካባቢ ከሆነ ግን ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግና ታምቡሩ ተፈትተው ፓራኦሊዮው ይለወጣል። ፓራኦሊዮው የሚያርፍበት ብረት ተበልቶ ከተገኘ እሱም አብሮ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ አዲሱም ብዙ አይቆይም። በዘይት የራሰውም ሸራ መለወጥ ይኖርበታል።

ከትራንስፈሩ ሥር ካለው ክዳን ከሆነ ደግሞ ሥራው ቀላል ነው። ዘይቱ ይወርዳል፤ ክዳኑ ይፈታል፤ የቆየው ጓርኒሲዮን በጥንቃቄ ተፍቆ በአዲስ ይተካል።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ወጪ የማይጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘይቱ ልክ ነው። የልክ መመልከቻው ብሎን ሲፈታ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በላይ የተሞላ ዘይት መውጫ ይፈልጋል። የካምቢዮው ጎድሎ የትራንስፈሩ ከልክ በላይ ሆኖ ከተገኘ ዘይቱ በውስጥ በኩል እየተላለፈ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው መተንፈሻው ነው። ካምቢዮው ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል። መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በፓራኦሊዮው በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለውን ማፍሰስ መተንፈሻውን ማጽዳት ብቻ ሊያስቆመው ይችላል።

ከመኪናው ሥር የሚገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ዘንጉን ስለሆነ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሣ መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ በቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ሳይደረግ፣ በክሪክ ብቻ ተይዞ ከቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የወረደውም ዘይት በግቢ አይደፋ፤ ልጆች በማይደርሱበት ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ።

ውድ አንባቢያችን፣ ካርቶኑን ለማንጠፍ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጋራዥ ሲሄዱ ካርቶኑን ይዘው ይሂዱና «ወንድሜ፣ ከየት እንደሚያፈስ አሳየኝ» ይበሉ። ዋጋውን የሚነጋገሩት ቦታውን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ይሁን። ሥራው ሲያልቅም የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ፤ የሁለቱንም ዘይት ልክ ያስዩ፤ የእጅ ፍሬኑንም ቁልቁለት ላይ፣ ታኮ ተዘጋጅቶና ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ሳያርቅ ያስሞክሩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ንጹሕ ካርቶን እንደገና ያንጥፉ፤ ሥራው በትክክል መሠራቱን ከሁሉ ይልቅ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ጠብታ ሳለች የታየች ጉዳት ቤተሰብን ከወጪም ከአደጋም ታድናለች።